የማንጠግቦሽ ወረራ

ባለፈው ሳምንት ሰሊጥ ልገዛ ገበያ ወጣሁና ከአንዱ ጆንያ ላይ አጎነበስኩ። ነጋዴ ከላይ ያደረገውን ሰሊጥ አላምንም፤ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከሥሩ ነው የምዘግነው። ሳጎነብስ የጆንያው ሽታ፣ ያ የቃጫና የዘይት ድብልቅ፣ ፊቴን ሞላው። እጄ ሰሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። ሻጩ ትንሽ ታገሠኝና «እናቴ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊያሸቱ?» አለኝ።

ምን ልበለው? በሐሳቤ ያየሁት ከጆንያ የተሠራ የሰንጠረዥ ጨዋታ ገበታ ነበር፤ በቀይ ክር ስምንት በስምንት ተደርጎ የተሰፋ። ከገበታው ወዲያ አባቴ ተቀምጧል። ከወዲህ ደግሞ ማንጠግቦሽ፣ ቀጫጭን እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ። የተቀመጠችው እኔ ቦታ ላይ ነው። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ «እኔ ቦታ ላይ» እላለሁ።

ያን ዓመት አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምንኖረው ገዳሪፍ ከተማ ዳር ነው። አገር ቤት ጦርነቱ ሲብስ በመተማ በኩል ቀድመን የገባን ስለሆንን፣ የድርቁ ስደተኛ በሎሪ እየተጫነ መምጣት ሲጀምር እኛ ራሳችንን እንደ አገሬው እንቆጥር ነበር። የሣር ጎጆ፣ የእሾህ አጥርና አንዲት ፍየል ነበረችን። እማዬ መጋዘን እየሄደች ሰሊጥ ታበጥራለች። አባዬ ጎንደር ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው፣ እዚያው መጋዘን የጆንያ አፍ ይሰፋል። ሱዳኖቹ ጆንያውን «ሹዋል» ይሉታል። አባዬ ያን ያህል ዓመት ተቀምጦ ከአረብኛ የያዘው ይህችን ቃልና «ተማም»ን፣ ደህና ማለትን፣ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው። ሐኪም ቤትም ይሁን ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ በዚህም ልቤ አብጦ ነበር።

ሌላው የምኮራበት ነገር ሰንጠረዡ ነው። አባዬና ታላቅ ወንድሙ አያ ዋሴ ልጅ ሳሉ ያደጉት አንድ ደጃዝማች ግቢ ውስጥ ነው። ደጃዝማቹ ከእንግዶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ሁለቱ ልጆች ከጀርባ ቆመው አይተው አይተው ተማሩ። ገዳሪፍ ስንገባ አባዬ ገበታውን በጆንያ መርፌ ሰፋው። ሰዎቹን፣ ንጉሡንም ፈረሱንም፣ ከተሰበረ የአልጋ እግር ጠረባቸው፤ ግማሾቹን በከሰል አጠቆራቸው። ከሥራ ሲመለስና ፀሐይዋ በረድ ስትል ጆንያውን ያነጥፍና «በላይነሽ፣ ነይ እስቲ» ይለኛል። ሌላ የሚጫወተው ሰው አልነበረም። ወንድም የለኝ፣ እማዬ ጊዜ የላት። ቦታው የእኔ የሆነው በችሎታ ሳይሆን በሰው እጦት ነው፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

የሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። ወረራ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ። እግረኞቹን፣ መደቅ የሚባሉትን፣ ዝሆኑን ሳባን፣ ፈረሱን፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ካልጣማቸው ይመልሱታል፤ የዚያኛውን አሰላለፍ እያዩ የራሳቸውን ይለውጣሉ። አንዱ ከሌላው የመጀመሪያውን ሰው እስኪገድል ድረስ እንዲህ ነው። አንድ ከተገደለ በኋላ ብቻ ተራ በተራ ይሆናል። አባዬ «ጨዋታው የሚያልቀው ወረራው ላይ ነው» ይል ነበር። «ቀሪው ሬሳ መሰብሰብ ነው።»

እኔ ወረራው ላይ ደካማ ነበርኩ። የራሴን ቤት ሳስተካክል የእሱን አላይም። «አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ስትደረድሪ የኔን መቼ ልታይው ነው?» ይለኝና ፈረሱን አስገብቶ ያተራምሰኛል። ጦርነትም እንደ ጨዋታው መስሎኝ ነበር። ሬዲዮ ስለ ወረራ ሲያወራ፣ ሁለት ወገን ተፋጦ፣ አንድ ሰው እስኪሞት ድረስ ወታደሮቹን ወዲህና ወዲያ የሚያመላልስ ይመስለኛል። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ደግሞ ጨዋ ሆነው ተራ የሚጠባበቁ።

ማንጠግቦሽ የመጣችው በብርዱ ወራት ነው። የአያ ዋሴ ልጅ ናት፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። አንድ የሎሪ ሾፌር ከድንበር አምጥቶ አጥራችን ሥር አወረዳት። እናትና አባቷ መንገድ ላይ ቀሩ ተባለ። እኔ ደክሟቸው የተቀመጡ መስሎኝ፣ ሳምንት ያህል መንገድ መንገዱን አይ ነበር፤ ደርሰው እንዲወስዱልኝ።

ሰፈሩ ሁሉ «ከድርቁ መጡ፣ ከድርቁ መጡ» ስለሚል ድርቁ የቦታ ስም ነበር የመሰለኝ። የመጀመሪያ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «ድርቁ ትልቅ ከተማ ነው?» አልኳት። ብዙ ጊዜ አየችኝ።

«ትልቅ ነው» አለችኝ።

ለረጅም ጊዜ የተናገረችው ያን ብቻ ነበር።

ወዲያው መቅናት ጀመርኩ። የምቀናበትን ነገር ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ፤ ግን እንደነበረ ልናገረው። የእርዳታ ሰዎች ከተማው ዳር ድንኳን ተክለው ከሲታ ልጆችን ለይተው ይመግቡ ነበር። እዚያ የተመዘገበ ልጅ እጁ ላይ ቀይ የፕላስቲክ አምባር ይታሰርለታል። አምባሩን ያሳየ በቀን ብዙ ጊዜ ወተትና ብስኩት ያገኛል። ማንጠግቦሽ አምባር ነበራት። ክንዷ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ብብቷ ይደርሳል። እኔ ከልደቴ ጀምሮ አምባር አድርጌ አላውቅም። አንድ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ድንኳኑ ደጃፍ ተሰለፍኩ። ነርሷ ክንዴን በጥብጣብ ለካችና ሳቀች፤ ጓደኛዋን ጠርታም አሳየቻት። «ማሻ አላህ» አሉኝ ሁለቱም፤ ጉንጬን ቆንጥጠው መለሱኝ። እያለቀስኩ ቤት ስገባ እማዬ ነገሩን ሰምታ በጥፊ አለችኝ። እማዬ በጥፊ ስትመታኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ማንጠግቦሽ ደግሞ ምን አደረገች? ጎጆው ጥግ ተቀምጣ አምባሩን ከእጇ ልታወጣልኝ ስትታገል አየኋት። አውራ ጣቷ ሥር ይዞ አልወጣም አለ። ብትችል ትሰጠኝ ነበር። እንዲያውም ባሰብኝ። ክፉ ልጅ ብትሆን እኮ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

ትንሽ ሥጋ ስታበጅ፣ አንድ ቀን አባዬና እኔ ስንጫወት መጥታ ቁጢጥ አለች። አባዬ እንደልማዱ አተራመሰኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ለወጉ ያህል «አንቺስ ታውቂያለሽ?» አላት። እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና ሰዎቹን ደረደረች። ወረራው ተጀመረ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት እጆቿ አንድ ላይ ይሄዳሉ። በግራዋ መደቅ ትገፋለች፣ በቀኟ ፈረስ ታወጣለች፣ ዓይኗ ግን አንድ ጊዜም የራሷ ቤት ላይ አልነበረም። የምታየው የአባዬን እጅ ነው። እሱ ሳባውን ሲያነሳ የእሷ መደቆች ገና ሳባው ሳይቀመጥ በሩን ዘግተው ይጠብቁታል። አባዬ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ጎንበስ አለ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቶት «ወይ አያ ዋሴ!» አለ። «በግራ እጁ ነበር እኮ የሚጀምር! ይችው ናት እጁ!»

ዛሬ ላይ ሆኜ፣ የሞተ ወንድሙ ፊቱ ተቀምጦለት እንደነበር ይገባኛል። ያን ጊዜ የገባኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ አባዬ ከእኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ «በላይነሽ፣ ነይ እስቲ» ቀረ። ከእሷ ጋር ሊቀመጥ ሲል እጁን ይታጠባል። ከእኔ ጋር በጆንያ አቧራ ነበር የሚጫወተው! ሲጠራትም ስሟን አሳጥሮ አያውቅም፤ «ማንጠግቦሽ» ይላል ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እውነትም እንዳልጠገባት። እሷም ቀስ በቀስ መናገር ጀመረች፤ የምትናገረው ግን ገበታው ላይ ብቻ ነው። «አጎቴ፣ ይኸ ደር እዚያ ምን ይሠራል?» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «እሽ፣ ይኸውልሽ አነሳሁት» ይላል እንደ ልጅ ታዞ። በደር፣ ከገበታው ጥግ በሚነሳው ሰው፣ ንጉሥ መግደል ነውር ነው ይባላል፤ በመደቅ መግደል ግን የቤተ መንግሥት ነው። ማንጠግቦሽ በመደቅ ነበር የምትገድለው።

አንድ ቀን ከጥቁሮቹ አንዱን መደቅ ሰርቄ ከውኃው ጋን ሥር ቀበርኩት። ጨዋታ ይቀራል ብዬ ነው። ማንጠግቦሽ የተምር ፍሬ አምጥታ በመደቁ ቦታ አቆመች፤ አባዬም «ይኸዋ!» ብሎ አመሰገናት። በማግሥቱ ጋኑን ልታጥብ ስታነሳው መደቁን አገኘችው። ወደ እኔ ዘወር ብላ አየች። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ከጓደኞቹ ጋር አስቀመጠችው። ለማንም አልተናገረችም።

ዝናቡ ሲገባ ነገሩ ከበደ። የማንጠግቦሽ የእናቷ ወንድም ኸሽም ኤል ቂርባ የጥጥ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። «ልጅቱን ላኩልኝ፣ ለለቀማ ደርሳለች» እያለ በመጣ በሄደ ሁሉ መልእክት ይሰዳል። አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ።

«ትምህርት ቤት ካስገባኋት አይነካትም። ካላስገባኋት ግን በምን አፌ እከለክለዋለሁ?»

«ታዲያ አስገባት እንጅ» አለች እማዬ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት አባዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እኔን ይዞ፣ እኔ ወደምማርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ሄደ። ዳይሬክተሯን ሁላችንም «ናዚራ» ነበር የምንላት። ረጅም፣ መነጽር ያደረገች፣ ነጭ ቶቧ ከትከሻዋ የማይወርድ ሴት ናት። አባዬ ይናገራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ናዚራዋ ራሷን ነቀነቀች። ቦታ ሞልቷል፤ ልጅቱ ወረቀት የላትም፤ አረብኛም አታውቅም።

አባዬ ቀና ሲል ጠረጴዛዋ ላይ የእንጨት ፈረስ አየ። ገበታ ላይ የሚቆም፣ የተወለወለ ፈረስ ነው። ጣቱን ቀስሮ «ይኸ ምንድነው?» አለ።

«ሸተረንጅ» አለች ናዚራዋ።

«ሰንጠረዥ!» ብሎ ብድግ አለ አባዬ። «ሰንጠረዥ በያት! የእኛው ነው! አረቦቹ አፋቸው አልታጠፍ ብሏቸው ነው እንጅ ያው ነው!»

«ሸተረንጅ?» አለች እሷ ሳቅ ብላ።

«ሰንጠረዥ!» አለ እሱ። እኔን መሃል አቁመው አንድ ቃል እየተቀባበሉ ተደሰቱ። እንደ ያን ጊዜው የአባዬ ፊት የፈካ ፊት በዚያ ከተማ አላየሁም፤ ፈረሱን በመዳፉ ይዞ እንደ ዘመድ ያገላብጠዋል። ከዚያ የወንድሙን ልጅ ችሎታ ነገራት። ይህን ሲናገር ያለ አስተርጓሚም ይገባል፤ እኔ ግን ቃል በቃል መተርጎም ነበረብኝ። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም ብሏል» አልኳት። እነዚህን ቃላት በገዛ ምላሴ ማውጣት ቁንዶ በርበሬ የማኘክ ያህል ነበር።

ናዚራዋ አሰበች። ሐሙስ ዕለት የእኛ ልጆች ይጫወታሉ፤ አምጧትና ከሳሚያ ጋር ትቀመጥ፤ አባቷ የሚለው እውነት ከሆነ ለእንዲህ ያለች ልጅ ወንበር አላጣላትም አለች። አባቷ ስትል አባዬን ማለቷ ነው። እኔ «አባቷ አይደለም፣ የእኔ አባት ነው» ብዬ አረምኳት። ልንወጣ ስንል ጣቷን ወደ ላይ አነሳችና ለእኔ አንዲት ነገር ጨመረችልኝ።

«ወሕዳ፣ ወሕዳ። በያት።»

አንድ፣ አንድ በያት። አንድ ጊዜ አንቺ፣ አንድ ጊዜ እሷ። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ትልልቆቹ ልጆች ከኒሙ ዛፍ ሥር ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ የተኳረፉ ነበር የመሰለኝ፤ አንዷ አንድ ነገር ትገፋና እጇን ሰብስባ ዝም፣ ሌላዋ አገጯን ይዛ ዝም። የእነሱ ጨዋታ ወረራ የለውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ ነው። ይህን ቤት ሄጄ አልተናገርኩም ነበር፤ ጨዋታውን በቅጡ ስለማያውቁት ነው ብዬ ንቄ ትቼው ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ አባዬ።

ቃሉን ሌላ ቦታ ስንጠቀምበት «ቀስ እያላችሁ» ለማለትም ይሆናል። ይህን የማስበው ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም።

«ቀስ ብላ ትጫወት ብላለች» አልኩት።

ለምን እንዳልኩት ልደብቅ አልፈልግም። ቀንቼ ነው። ከቤቴ እንድትወጣ፣ ቦታዬን እንድትለቅ ስለፈለግሁ ነው። የትምህርት ቤቱ ወንበርም የእኔ ነበር፤ እዚያም መጥታ ከአጠገቤ ልትቀመጥ ነው።

እስከ ሐሙስ ድረስ አባዬ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ቀስ በይ ተብለሻል። እኒህ ሰዎች ጥድፊያ አይወዱም። በሁለት እጅሽ አትቸኩይ፤ እያሰብሽ አውጫቸው።» ማንጠግቦሽ «እሽ አጎቴ» ትላለች። እማዬ የእኔን የትምህርት ቤት ቀሚስ አጥባ አለበሰቻት፤ እኔ አሮጌውን ለበስኩ። ፀጉሯንም ሹሩባ ሠራቻት። የቀይ አምባሩ ቦታ ባዶ ነበር፤ አሁን ከአምባር ተራ ወጥታለች። ስትሄድ ቁመቷ ሁሉ የጨመረ መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ልጆቹ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ዝናብ የመታው ጥቁር አፈር ጫማችን ሥር እየተለጠፈ ቁመት ጨምሮልን ነበር። ሳሚያ የተባለችው ትልቋ ልጅ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ማንጠግቦሽ ገበታውን አይታ ቆመች።

«ለምንድነው ዝንጉርጉር የሆነ?» አለችኝ። የእኛ ገበታ ክር ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። «ጥቁር ቤቱ ምን ያደርጋል?»

ያኔ እንኳ ልነግራት እችል ነበር። ይኸ የእኛ ጨዋታ አይደለም፣ ተራ አለው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ለጌጥ ነው» አልኳት።

ተቀመጠች። ሳሚያ አንዱን ነጭ መደቅ ገፋችና እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ማንጠግቦሽ አየችው። ቀስ ብላ አንድ መደቅ ገፋች። ቀስ ብላ ሌላ መደቅ ገፋች። ፈረሷን አወጣች፣ ጥቂት አሰበች፣ መልሳ ሌላ ቦታ አቆመችው። አባዬ እንደነገራት አንድም ጥድፊያ አልነበረባትም። እንዲያ ረጋ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሦስተኛውን መደቅ ስትገፋ ሳሚያ አፏን ከፍታ ታያታለች። ልጆቹ ገና ዝም ናቸው፤ ቀልድ መስሏቸዋል።

ከዚያ ማንጠግቦሽ ያደረገችውን አልረሳውም። ሳሚያ እጇን ሳታነሳ መቅረቷን አየችና ያዘነችላት መሰለኝ። ወደ ኋላ የቀረች፣ ያልተዘጋጀች መስሏታል። እጇን ሰበሰበች። በመዳፏ ወደ ነጮቹ እያመለከተች «አንቺም ሰልፊ እንጅ፣ እጠብቅሻለሁ» አለቻት በአማርኛ። በወረራ ጊዜ ለዘገየ ሰው የሚደረግ ጨዋነት ነው።

ሳሚያ አልገባትም። ማንጠግቦሽም ጠብቃ ጠብቃ፣ ዝሆኑን ሳባን አነሳች። እኛ ቤት ሳባ በመደቅ ላይ ይዘላል። አዘለለችው።

«ሐራሚያ!» ብሎ ጮኸ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሳቁ ፈነዳ። «ሐራሚያ! ሐራሚያ!» ሌባ ማለት ነው። ማንጠግቦሽ አረብኛ አታውቅም፤ ይህን ቃል ግን በእህል ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። እጇ ሳባውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ናዚራዋ አጨብጭባ ዝም አሰኘቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አልነገርሻትም?» አለችኝ በአረብኛ።

«ነግሬያታለሁ» አልኳት።

ማንጠግቦሽ ያልነውን አልሰማችም፤ ግን ፊቴን እያየች ነበር። ሌላው ሁሉ ወይ ስቋል፣ ወይ ደንግጧል። ያልሳቅኩም ያልደነገጥኩም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጠጋ አልኳት። «አንድ አንቺ፣ አንድ እሷ ነው የሚሉት» አልኳት በቀስታ።

«መቼ አሉ?» አለችኝ።

ዓይኔን ገበታው ላይ ተከልኩ። እሷም አልጠበቀችኝም። ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች፤ የራሷን ጨርሳ የሳሚያንም አንድ መደቅ መለሰችላት። ተነስታ ቀሚሱን፣ የእኔን ቀሚስ፣ አራገፈችና ወደ በሩ ሄደች። ናዚራዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ለአባቷ ይቅርታ በይልኝ፣ ልጅቱ ጨዋታውን አታውቀውም፣ ቦታም የለኝም አለች። «አባቷ» ስትል በዚህኛው ጊዜ አላረምኳትም።

እሷ ቀድማ፣ እኔ ተከትያት ቤት ደረስን። አባዬ ከሥራ ቀርቶ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገና ከሩቅ «እህ? እንዴት ሆነ?» አለ። ማንም ሳይመልስለት ፊታችንን አይቶ ገባው። ወደ እኔ ዞረ። ሁሉንም ልትነግረው ነው፣ አለቀልኝ አልኩ።

«የእነሱ ተራ አለው፣ ወረራ የለውም» አለች ማንጠግቦሽ። «በላይነሽ ነግራኝ ነበር። እጄ ነው የረሳው።»

አባዬ ወደ እኔ ቀረበ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። «አንቺማ ነግረሻታል» አለኝ። «አንቺማ የድርሻሽን አድርገሻል፣ የኔ ልጅ።»

ከብርዱ ወራት ጀምሮ የተራብኩት ይህን እጅ ነበር። አገኘሁት፤ የሰጠችኝ ግን እሷ ናት። እና ያኔም ቀናሁባት። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አምጥታ ነው የምትሰጠው? እኔ ብሆን ኖሮ ጮኼ አጋልጣት ነበር። ይህን ስላወቅሁ ያን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ክረምቱን ሁሉ ልጠላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ዝናቡ ሲያቆም የእናቷ ወንድም ራሱ መጣ። አባዬ በአፉ ሊከለክለው ሞከረ። ሰውየው «ትማራለች ወይ?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ መሬት መሬቱን አየ። ማንጠግቦሽ ጥጥ ለቃሚ በጫነው ሎሪ ላይ ወጣች። እማዬ የእኔን ቀሚስ ሰጠቻት፤ እኔም ጫማዬን ጨመርኩላት። ጠበባት፤ ግን እጇ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ስትወጣ «በይ ደህና ሁኚ» ብቻ ነው ያለችኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አባዬ ጆንያውን አነጠፈ።

«በላይነሽ፣ ነይ እስቲ» አለኝ።

ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹን ደረደርን። ማንጠግቦሽ ታደርግ እንደነበረው ሁለት እጄን አንድ ላይ ዘርግቼ ወረራ ጀመርኩ። አባዬ መዳፉን እጆቼ ላይ ጫነው።

«ተይው» አለኝ። «እንደ እነሱ እንጫወት። አንድ አንቺ፣ አንድ እኔ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ማንጠግቦሽ በሄደችበት በዚያው ሳምንት አባዬ ናዚራዋን እንደገና ሊለምን ትምህርት ቤት ሄዶ፣ አማርኛ የሚያውቀው ዘበኛ ያን «ወሕዳ፣ ወሕዳ» ያለችኝን እንዳስተረጎመለት በኋላ ነው የሰማሁት። ግን መስማት አላስፈለገኝም፤ ፊቱ ላይ ነበር። ለወራት የደበቅኩት ነገር በአንዴ ወደ አፌ መጣ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...»

«ዝም በይ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ልጅቱ ‹ነግራኝ ነበር› ብላለች። ቃሏን አታፍርሽባት።»

አንዱን መደቅ ገፋና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ሰበሰበ።

«ተራሽ ነው።»